በሃያ ስድስት ዓመቴ ሶሮሪቲ ስገባ ያየሁት

ዕድሜሽ ሃያ አራት፣ ሃያ ሰባት ወይም ሠላሳ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ዲግሪሽን እየተማርሽ ከሆነ፣ ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች ማኅበር) መግባትም አምሮሽ «ይሄ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ነገር ነው፣ እኔን አልፎኛል» ብለሽ ከተውሽው፣ የምጽፈው ለአንቺ ነው። አላለፈሽም። እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ ገብቻለሁ። ቀላል ነበር አልልሽም። ግን ያከበደው ዕድሜዬ ራሱ አልነበረም፤ ከዕድሜ ጋር ተያይዘው የሚመጡት ሥራው፣ ኪራዩ፣ የቀረሽ ጊዜ ማጠሩ ናቸው። እነሱ ደግሞ መፍትሔ አላቸው።

ትንሽ ስለ ራሴ ልንገርሽ። ከቤተሰቤ ጋር በዲቪ ነው የመጣሁት። እንደመጣሁ ነርሲንግ ሆም ሥራ ጀመርኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ሺፍት። ጎን ለጎን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በየሴሚስተሩ አንድም ሁለትም ክላስ እየወሰድኩ ቆየሁ። ሜሪላንድ አካባቢ ያለን ብዙ ሐበሾች የምናውቀው መንገድ ነው። አሶሺየት ዲግሪዬን ይዤ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ሳደርግ በቀጥታ ሦስተኛ ዓመት ገባሁ። እዚያ የጠበቀኝ ብቸኝነት ነው። ልጆቹ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ዶርም አብረው ኖረዋል፣ ተዋውቀዋል፣ ቡድን ቡድናቸውን ይዘዋል። እኔ ከክላስ ወደ መኪናዬ፣ ከመኪናዬ ወደ ሥራ። ሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኞች አሉኝ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሰው አለኝ፣ ካምፓሱ ላይ ግን ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ ፈተና ቀን ሲቀይር የሚነግረኝ፣ ኢንተርንሺፕ ሲወጣ የሚጠቁመኝ ሰው አጣሁ። ሶሮሪቲ የፈለግኩት ለዚህ ነው። የምታፍሪበት ምክንያት አይደለም፣ ማንም ሲጠይቅሽ በቀጥታ መናገር ትችያለሽ።

ሶሮሪቲን ለማታውቂው ባጭሩ ልንገርሽ። ስሙ በግሪክ ፊደላት ነው፣ ስብሰባ አለው፣ መዋጮ አለው፣ የበጎ አድራጎት ሥራ አለው፣ አባልነቱም ስትመረቂ አይቋረጥም። ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የማን ማኅበር ነው?» ብላ ነው። የማርያም ነው የሚካኤል ማለቷ ነው። ሳስረዳት ግን ከብዙ ሰው ቀድማ ገባት፤ መዋጮ ካለ፣ ተራ ካለ፣ አንዷ ስትቸገር ሌሎቹ የሚደርሱላት ከሆነ ያው ማኅበር ነው አለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጀመሪያ መለየት ያለብሽ ሁለት መንገድ እንዳለ ነው፣ አገባባቸውም ፈጽሞ አይመሳሰልም። አንደኛው ናሽናል ፓንሄለኒክ ኮንፈረንስ በሚባለውና በ1902 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በተቋቋመው ኅብረት ሥር ያሉት ሶሮሪቲዎች ናቸው። በተለይ ከ2021 ወዲህ ቲክቶክ ላይ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ልጆች የለበሱትን ልብስ እየዘረዘሩ ሲያሳዩ ያየሽው የዚህኛውን ራሽ፣ ማለትም አዲስ አባላት የሚመለመሉበትን ሳምንት ነው። ሁለተኛው ዲቫይን ናይን የሚባሉት የጥቁር አሜሪካውያን ታሪካዊ ማኅበራት ናቸው፤ ከዘጠኙ አራቱ የሴቶች ናቸው። ስለእነሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ ዓይነት ሰው የሚሰጡት ዕድል ትልቅ ነው። እኔ ያለፍኩበት የመጀመሪያውን ነው።

ፓንሄለኒክ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። የተመዘገብሽ ተማሪ መሆን አለብሽ፣ ከዚህ በፊት ከእነዚህ ሶሮሪቲዎች በአንዱ ሙሉ አባል ሆነሽ የማታውቂ መሆን አለብሽ፣ ከዚያ ካምፓሱና ቻፕተሩ (የሶሮሪቲው የካምፓስ ቅርንጫፍ) የሚጠይቁት የነጥብ መጠን፣ ጂፒኤ፣ አለ። ትራንስፈር ከሆንሽ ከመመዝገብሽ በፊት የእነዚህን ማኅበራት ጉዳይ የሚከታተለውን የዩኒቨርሲቲውን የግሪክ ላይፍ ቢሮ አንድ ነገር ጠይቂ፦ «የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክሬዲቴና ጂፒኤዬ ይቆጠርልኛል?» በይ። አንዳንዱ ካምፓስ የተወሰነ ክሬዲት ሳትጨርሺ ራሽ አያስገባሽም፣ ያንቺ ክሬዲት ደግሞ ሲስተሙ ውስጥ ገና አልገባ ይሆናል። በጽሑፍ መልስ ያዢ። በነገራችን ላይ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እያለሽ ፋይ ቴታ ካፓ ግቢ የሚል ኢሜይል ደርሶሽ ከሆነ፣ እሱ በ1918 የተመሠረተ የጎበዝ ተማሪዎች ማኅበር እንጂ ሶሮሪቲ አይደለም፤ የእሱ አባል መሆንሽ ምንም አያግድሽም፣ እንዲያውም ራሽ ላይ ጥሩ ወሬ ይሆንሻል።

እንግዲህ ልብ በይልኝ። ቻፕተሮቹ ስለ ዕድሜሽ ሲያስቡ ሂሳብ ውስጥ የሚያስገቡት የቀረሽን ሴሚስተር ነው። እያንዳንዱ ቻፕተር በዋናው ራሽ ሊወስድ የሚችለው የሰው ቁጥር አለ፣ ኮታ ይሉታል። በጠቅላላ ሊኖረው የተፈቀደለት ቁጥርም አለ፣ እሱን ቶታል ይሉታል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወሰዱ ማለት አራት ዓመት መዋጮ የምትከፍል፣ ኮሚቴ የምትመራ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ሌሎችን የምትመለምል ልጅ አገኙ ማለት ነው። አንቺን ሲወስዱ ሁለት ዓመት ነው። አንዳንዴም አንድ ዓመት ተኩል። ይሄን ጥያቄ ፊት ለፊት አይጠይቁሽም፣ ያፍራሉ። ስለዚህ ሳትጠየቂ አንቺው መልሺው።

እኔ ከመጀመሪያው ቤት (ቻፕተሮቹን ቤት ይሏቸዋል) ጀምሮ የምለው አንድ ነበር። «ትራንስፈር ነኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ለመመረቅ አራት ሴሚስተር ይቀረኛል፣ አራቱንም መቆየት እፈልጋለሁ። ማክሰኞና እሑድ ማታ ሁልጊዜ ነፃ ነኝ። ሥራ ቦታ ፕሮግራም ማውጣትና አዲስ ሰው ማሠልጠን ለምጃለሁ፣ እዚህም ብሠራው ደስ ይለኛል።» በቃ። ይሄን ስትሰማ ፊቷ የሚበራ ልጅ አለች፣ ዓይኗ ወደ ሌላ የሚሄድም አለች። ሁለቱም ጠቃሚ መልስ ነው። ዕድሜሽን ደብቀሽ እስከ መጨረሻው ዙር ብትደርሺ፣ የማትፈልግሽ ቻፕተር አውቃ እስክትተውሽ ድረስ የምትፈልግሽን ታልፊያታለሽ። ምርጫው የጋራ ነው፤ እነሱም ይመርጣሉ፣ አንቺም ትመርጫለሽ፣ ኮምፒውተር ያገናኘዋል። እውነቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ መምረጥ አይችልም።

ሳምንቱ ራሱ እንዲህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ሁሉንም ቻፕተሮች በአጭር በአጭሩ ታያለሽ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይሄን ዙር በቪዲዮ አድርገውታል። ቀጥሎ የበጎ አድራጎት ዙር ይመጣል፣ ከዚያ ስለ እህትነቱ የሚነግሩሽ ዙር፣ በመጨረሻ ፕሪፈረንስ፣ የመጨረሻ ምርጫሽን የምታደርጊበት ዙር። በየዙሩ የቤቶቹ ቁጥር ይቀንሳል። ጫጫታ አለው፣ በር ላይ ይዘምራሉ፣ አንዷ ልጅ አምስት ደቂቃ ታወራሽና ሌላዋ ትተካታለች። ከማታ ሺፍት ለመጣ ሰው ይከብዳል። በተቻለሽ መጠን ለዚያ ሳምንት መጨረሻ ቀድመሽ ኦፍ ጠይቂ፣ ፕሮግራሙ ከወራት በፊት ስለሚወጣ ማኔጀርሽን ለማሳመን ጊዜ አለሽ።

ጥያቄዎቹ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የተዘጋጁ ናቸው። «የትኛው ዶርም ነሽ?» ይሉሻል። «ዶርም አይደለሁም» ብለሽ ዝም ካልሽ ወሬው እዚያው ይሞታል። እኔ «ከወንድሜ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ እሱ ምግብ ስለማይሠራ እኔ ነኝ የማበስለው፣ አንቺስ ዶርም ውስጥ ምን ትበያለሽ?» እል ነበር። ሁልጊዜ ጥያቄ ይዘሽ ጨርሺ። «በጋ ላይ የት ተጓዝሽ?» ሲሉሽ ደግሞ ሠርቼ ነው ያሳለፍኩት ማለት ነውር የለውም። ምን እንደሠራሽ ንገሪያቸው። አንዲት ልጅ አያቷ የመርሳት በሽታ እንደያዛቸውና ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት እንዳላወቀ ነገረችኝ። እኔ በየሌሊቱ ከእንደዚያ ዓይነት እናቶችና አባቶች ጋር ነው የምውለው። እንዴት እንደምታናግራቸው፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቋት ለምን መቆጣት እንደሌለባት ነገርኳት። የተሰጠን ደቂቃ አልቆ ሌላዋ ልጅ ልትቀይራት መጥታ ቆማለች፣ እኛ ግን እያወራን ነው። በኋላ ሕይወቴን የቀየረው ይሄ ወሬ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ከየሶሮሪቲው በጎ አድራጎት የትኛው ከሕይወትሽ ጋር እንደሚገናኝ ቀድመሽ አጥኚ። አልፋ ካይ ኦሜጋ የቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ይሠራሉ፣ አልፋ ፋይ የሴቶች የልብ ጤና ላይ፣ ዴልታ ጋማ ዓይነ ሥውራንን በመርዳት ላይ፣ ዜታ ታው አልፋ የጡት ካንሰር ላይ። በሥራሽ ወይም በቤተሰብሽ ያየሽው ነገር ካለ እሱን ተናገሪ። ዕድሜ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሕይወት አይተሻል።

ስለ ልብስ ብዙ አትጨነቂ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ቦታ ቲሸርት ይሰጣሉ። ለመጨረሻው ቀን አንድ ደህና ቀሚስ በቂ ነው። አዲስ ልብስ ለመግዛት ሺፍት አትጨምሪ። የሚያመቸሽን ጫማ ግን አድርጊ፣ መቆሙ ብዙ ነው።

ለቡድንሽ የምትመደብ አማካሪ ልጅ አለች። እሷ የራሷ ሶሮሪቲ አላት፣ ግን ብዙ ቦታ ለዚያ ጊዜ ከሶሮሪቲዋ ተለይታ፣ ስሙንም ሳትናገር ነው የምታገለግለው፣ እንዳታዳላ። የእኔዋ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ሁሉን ነገር ነገርኳት፣ ሥራዬን፣ ገንዘብ ወደ ቤት እንደምልክ፣ ሁሉን። እሷ ናት አንዳንድ ካምፓስ ላይ ለሁለተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተማሪዎች የተለየ ኮታ እንዳለ የነገረችኝ። እንደዚያ ከሆነ ከአንደኛ ዓመቶቹ ጋር በአንድ ቦታ ላይ አትሻሙም ማለት ነው። አንቺም ካምፓስሽ ላይ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ፣ ከምንም ነገር በላይ ይሄ ዕድልሽን ይወስነዋል።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ ዝርዝሬ በጣም አጠረ። ጠዋት ስልኬን ከፍቼ ሳየው አለቀስኩ፣ እውነቱ ይሄ ነው። ያኔ የረዳኝ አሠራሩን ማወቄ ነው። አንድ ቻፕተር በየዙሩ ስንት ሰው መልሶ መጋበዝ እንደሚችል የሚወሰነው በቀደሙት ዓመታት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። ብዙ ሰው የሚፈልጋቸው ቻፕተሮች ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ልጆችን እንዲለቁ ይገደዳሉ። አምስት ደቂቃ አውርተውሽ ሲለቁሽ ሁልጊዜ አንቺን መዝነው አይደለም፣ የቁጥር ግዴታ አለባቸው። ዕድሜዬም አስተዋጽኦ እንደነበረው አልጠራጠርም። ግን ከእኔ ጋር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆችም ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ስለ ቀለምም ልናገር፣ ምክንያቱም ታስቢዋለሽ። ፓንሄለኒክ ሶሮሪቲዎች በብዙ ካምፓስ አብዛኛው አባል ነጭ ነው። አላባማ ዩኒቨርሲቲ ላይ በ2013 የተማሪዎቹ ጋዜጣ ዘ ክሪምሰን ኋይት፣ ጥቁር ልጆች በቀለማቸው ምክንያት እንዳይገቡ የቀድሞ አባላት ጣልቃ እንደገቡ አጋልጦ ትልቅ ውዝግብ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በሩ በመጠኑም ቢሆን የተከፈተው። የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው ማለት ነው። እኔ የምመክርሽ ክፍሉን ማየት ነው። ጥቁርና ሌሎች ልጆች አሉ ወይ? ካሉስ ኃላፊነት ቦታ ላይ አሉ ወይስ ፎቶ ላይ ብቻ? በቀጥታ «እዚህ ምን ይሰማሻል?» ብለሽ አንዷን ጠይቂ። እኔ ጠይቄ እውነተኛ መልስ የሰጡኝ ልጆች አሉ፣ አመሰግናቸዋለሁ።

የመጨረሻው ቀን ከእንቁጣጣሽ ጋር ገጠመ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ከእናቴ ጋር ቡና ጠጥቼ፣ ከሰዓት ፕሪፈረንስ ሄድኩ። የቀረኝ አንድ ቤት ነበር። ልጆቹ ደግ ናቸው፣ በደንብ ተቀበሉኝ። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ «ቤቱ ውስጥ መኖር ግዴታ ነው?» አዎ አሉኝ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት። የራሳቸው ቤት ያላቸው ብዙ ቻፕተሮች እንዲህ ይጠይቃሉ፣ አልጋዎቹ ካልሞሉ የቤቱ ወጪ አይሸፈንም። እኔ ደግሞ ከወንድሜ ጋር የኪራይ ውል ፈርሜያለሁ፣ ግማሹን የምከፍለው እኔ ነኝ። ሁለት ቤት መክፈል አልችልም። ከግዴታው ነፃ የሚያደርግ መንገድ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ማንም ቃል ሊገባልኝ አልቻለም።

እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪኝ። ከፕሪፈረንስ በኋላ ኤምራባ የሚሉት ስምምነት ይቀርብልሻል። ፈርመሽ፣ ካስቀመጥሽው ቻፕተር ግብዣ መጥቶልሽ እምቢ ካልሽ፣ እዚያው ካምፓስ ላይ እስከሚቀጥለው ዋና ራሽ ድረስ ሌላ ፓንሄለኒክ ሶሮሪቲ መግባት አትችዪም። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ምንም አይደለም። ለአንቺ ግማሽ ዕድሜሽ ነው፣ የካምፓስ ዕድሜሽ ማለቴ ነው። ስለዚህ በእውነት የማትገቢበትን ቤት ስም ጽፈሽ አትፈርሚ። ካልፈረምሽ፣ ወይም ፈርመሽ ምንም ግብዣ ካልመጣልሽ፣ ነፃ ነሽ። እኔ አልፈረምኩም። አማካሪዬ ከጎኔ ተቀምጣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። እርግጠኛ ነበርኩ። ወደ ቤቴ እየነዳሁ ግን ልቤ ተሰብሮ ነበር፣ በዚያ ቀን ሌሎቹ ልጆች እየጮኹ ወደ አዲሱ ቤታቸው ሲሮጡ ነው ከካምፓሱ የወጣሁት።

ነፃ መሆን ለምን እንደጠቀመኝ ልንገርሽ። ዋናው ራሽ ካለቀ በኋላ ቁጥራቸው ያልሞላ ቻፕተሮች ሴሚስተሩን ሙሉ ሰው መቀበል ይችላሉ፣ ሲ.ኦ.ቢ ይባላል። ዘፈን የለም፣ ዙር የለም። ቡና ትጠጫላችሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትገናኛላችሁ፣ ከተስማማችሁ ግብዣው ይመጣል። ለትልቅ ተማሪ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። አምስት ደቂቃ ውስጥ ሕይወትሽን ማስረዳት አይጠበቅብሽም፣ ሺፍትሽም አይበላሽም። ጥር ላይ ያቺ ስለ አያቷ ያወራን ልጅ ኢንስታግራም ላይ ጻፈችልኝ። የእነሱ ቻፕተር ቤት የለውም፣ ሰውም ጎድሎባቸዋል። ካፌ ተገናኘን፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር እራት በላሁ፣ ግብዣው መጣ። እሺ አልኩ። በዋናው ራሽ ላይ የተናገርኩት ሁሉ እዚህ ዋጋ አገኘ፤ ዕድሜዬን፣ ሥራዬን፣ ስንት ሴሚስተር እንደቀረኝ ቀድመው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ዋናውን ራሽ ያለ ውጤት ብትጨርሺም እንደ ኪሳራ አትቁጠሪው። እንዲያውም ሲ.ኦ.ቢ የሚቀበሉት የትኞቹ እንደሆኑ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ቢሮውን ጠይቂ፣ ዝርዝሩን ይነግሩሻል።

ገንዘብ። ከመፈረምሽ በፊት የክፍያ ዝርዝሩን በወረቀት ያዢ። መጠኑ እንደ ካምፓሱ ይለያያል፣ በሴሚስተር ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ ከሺህ በላይ የሚሄድም አለ፣ ቤት ውስጥ መኖር ካለበት ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የኢኒሺየሽን (ሙሉ አባል የምትሆኚበት ሥነ ሥርዓት) እና የፒን፣ የአባልነት ምልክቱ፣ ክፍያ ይጨመርበታል። በየወሩ መክፈል ይቻላል ወይ? ቤቱ ውስጥ የማትኖሪ ከሆነ ለቤቱ የሚከፈል ነገር አለ? ስብሰባ ስትቀሪ ቅጣት አለ? ሥራ በቂ ምክንያት ይሆናል? እነዚህን አራቱን ሳትጠይቂ አትፈርሚ። እኔ በየወሩ አዲስ አበባ ለአክስቴ ገንዘብ እልካለሁ፣ ያንን የሚያስቀርብኝ ከሆነ አልገባም ብዬ ነው የተነሳሁት። ገንዘብ ያዧ ልጅ ክፍያውን ከፋፍላ አስተካከለችልኝ። ጠይቂ፣ የጠየቀ ሰው ያገኛል።

ብዙ ልጆች በጓዳ የሚጠይቁኝ ስለ ሃይማኖት ነው። ኢኒሺየሽኑ ሚስጥር ስለሆነ ቤተሰብ ይሠጋል፣ እናቴም ሠግታ ነበር። እኔ ከመግባቴ በፊት የቻፕተሩን አማካሪ፣ የቀድሞ አባል የሆነች ትልቅ ሴትዮ ናት፣ በግልጽ ጠየቅኳት፦ «ከእምነቴ ጋር የሚጋጭ መሐላ አለው?» ሚስጥሩን ሳትነግረኝ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነና ምን እንደሌለበት አስረዳችኝ። የንስሐ አባቴንም አማከርኩ። ከዚያ ነው ልቤ ያረፈው። አንቺም አድርጊው፣ መልስ ካልሰጡሽ ተያት። ጾም ግን ምንም ችግር አልሆነም። ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበርን እራት ሲኖር ሥጋና ወተት የሌለው እንዲያዘጋጁልኝ ነገርኳቸው፣ አዘጋጁ።

ከዕድሜ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ አንድ አደጋ አለ፣ መጠጥ። አሜሪካ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መግዛት ወንጀል ነው። ከአንቺ ጋር ያሉት አብዛኞቹ ከ21 በታች ናቸው፣ አንቺ ደግሞ ሕጋዊ መታወቂያ አለሽ። አንድ ቀን አንዷ በፍቅር ትጠይቅሻለች። ከመጀመሪያው ቀን «አላደርገውም» በይ፣ ሁለተኛ አይጠይቁሽም። ግሪን ካርድ ላይ ያለሽ ከሆነ በተለይ ፖሊስ የሚገባበት ነገር ውስጥ አትግቢ። ነርስነት ወይም ሌላ ላይሰንስ የምትፈልጊም ከሆነ ያው ነው።

አዲስ አባላትን ማዋረድና ማሰቃየት፣ ሄዚንግ የሚሉት፣ በብዙ ስቴቶች ሕግ ወንጀል ነው። በታኅሣሥ 2024 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ስቶፕ ካምፓስ ሄዚንግ አክት የሚባል የፌደራል ሕግ ወጥቷል። ዩኒቨርሲቲዎች ጥፋተኛ የተባሉ ማኅበራትን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የትምህርት ቤትሽን ስም ከ«ሄዚንግ ሪፖርት» ጋር ፈልጊና አንብቢ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆንሽ እምቢ ማለት ይቀልሻል፣ ታናናሾቹም አንቺን አይተው እምቢ ይላሉ። እኔ የገባሁበት ቻፕተር እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ሥልጠናው ጥቂት ሳምንት ነው፣ ታሪክ ትማሪያለሽ፣ ትገናኛላችሁ፣ አለቀ። እዚያ «ትልቅ እህት» ተብላ የተሰጠችኝ ልጅ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። በኋላ ግን ካምፓሱን ከእኔ በላይ የምታውቀው እሷ ናት፣ ስታቲስቲክስ ያስጠናችኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ታክስ እንዴት እንደሚሞላ፣ ከኪራይ አከራይ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ አሳየኋት። የነርሲንግ ሆሙ አለቃዬ ጋር ወስጄም ሥራ አስገባኋት።

አሁን ቃል እንደገባሁት ስለ ዲቫይን ናይን። አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913፣ ዜታ ፋይ ቤታ በ1920 የተመሠረቱት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ቦታ። አራተኛው ሲግማ ጋማ ሮ በ1922 ኢንዲያናፖሊስ ተመሠረተ። ዴልታዎች በተመሠረቱ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ፣ መጋቢት 1913፣ ዋሽንግተን ላይ በተደረገው የሴቶች የምርጫ መብት ሰልፍ ተሰልፈዋል። ካማላ ሃሪስ ሃዋርድ እያለች በ1986 የገባችው አልፋ ካፓ አልፋ ነው። እዚህ የራሽ ሳምንት የለም። ቻፕተሩ አዲስ አባል የሚቀበለው ሲወስን ነው፣ በየዓመቱም ላይቀበል ይችላል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ የካምፓሳችን ዝግ ነበር። ፍላጎትሽን በየቦታው አታውሪ፣ ሶሻል ሚዲያ ላይም አትጻፊ፣ እዚያ እንደ አለማክበር ነው የሚታየው። ታሪካቸውን አንብቢ፣ የሚያዘጋጁትን ፕሮግራም ተካፈዪ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሥራሽን መዝግበሽ አስቀምጪ፣ ጂፒኤሽን ጠብቂ።

ትልቁ ዜና ደግሞ ይሄ ነው፦ አራቱም ባችለር ዲግሪ ላላቸው ሴቶች የተመራቂዎች ቻፕተር አላቸው። ሠላሳ አምስት፣ አርባ አምስት ዓመት ሆኗቸው የሚገቡ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ዳኞች፣ መምህራን፣ ነርሶች። እዚያ እንዲያውም አንቺ ልጅ ነሽ። ከፓንሄለኒኮቹም ብዙዎቹ ከተመረቅሽ በኋላ በአባል ድጋፍ የሚቀበሉበት መንገድ አላቸው። ስለዚህ ካምፓስ ላይ ጊዜ ቢያጥርሽ፣ ወይም የመጨረሻ ሴሚስተርሽ ላይ ሆነሽ ይሄን ብታነቢ፣ ዲግሪሽን ጨርሺና አካባቢሽ ያለውን የተመራቂዎች ቻፕተር ፕሮግራም መካፈል ጀምሪ። ካምፓስ ላይ ገና ሁለት ሦስት ሴሚስተር ካለሽ ግን ነገ ለግሪክ ላይፍ ቢሮው ኢሜይል ጻፊ። ዕድሜሽን፣ ትራንስፈር መሆንሽን፣ ስንት ሴሚስተር እንደቀረሽ ጻፊና ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ራሽ መቼ ነው፣ ለከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች የተለየ ኮታ አለ ወይ፣ ቤት የሌላቸው ቻፕተሮች የትኞቹ ናቸው።